አንድ ሺህ ጥንድ በረባሶ

በረባሶ ሰሪው ሽማግሌ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አሮጌ ጎማ ሲቆርጡ ዞር ብሎ ያያቸው አልነበረም። ዘንድሮ ግን ከአንድ የአካባቢ ጥበቃ ፕሮጀክት የመጣች ባለሙያ፣ «አባባ፣ እርስዎ እኮ ከተማውን ከጎማ ጭስ ገላገሉት!» ብላ አንድ ሺህ ጥንድ አዘዘቻቸው።

ስድስት መቶው ላይ ሲደርሱ በከተማው አሮጌ ጎማ ጠፋ። ደወሉላት።

«እቅዱ አንድ ሺህ ነው፣ አባባ። ሪፖርት አለብኝ። አያስቡ፣ ጎማ እንልካለን።»

ሰኞ ጠዋት የፕሮጀክቱ ፒክአፕ ጎማ ጭኖ መጣ። ሽማግሌው ቢላቸውን ስለው ተጠጉና ቀጥ አሉ። የፋብሪካው ወረቀት እንኳ ገና አልተላጠም።

«ይሄ እኮ አዲስ ነው!»

«በጨረታ ተገዝቶ ነው» አለ ሾፌሩ። «አሮጌ ከየት ይምጣ?»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ፒክአፑን ዞሩት። አራቱም ጎማዎች ጥርሳቸው አልቆ እንደ ተላጨ ራስ ያብረቀርቃሉ። የልካቸውን ቁጥር ከአዲሶቹ ጋር አስተያዩ፤ አንድ ነው።

«ይሄን ለምን አትቀይርም፣ ልጄ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ጠየቅኩ። ለጎማ የተያዘ በጀት የለም አሉኝ።»

ሽማግሌው ቢላቸውን አስቀመጡ።

«ክሪክ ይዘሃል?»