የአያ ይመኑ ምርቃት

ከገበሬው በጥሩ ዋጋ ስንዴ ግዙበት ተብሎ የተላከው የመንግሥት ብር ምን ላይ እንደዋለ ሊያዩ የምክር ቤት አባላት መጡ። መጋዘኑ ግን ባዶ ነበር። የመጋዘኑ ኃላፊ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጠዋት ቤት ለቤት ዞሮ "እስከ ማታ ብቻ አውሱኝ" እያለ የሰፈሩን ስንዴ ሰበሰበ። የሰፈር ልጅ ነውና ማን እምቢ ይለዋል? የእኛንም የክረምት ቀለብ ጠራርጎ ወሰደው።

መጋዘኑ ውስጥ ለስብሰባ ተጠርተን ሳለ የአባላቱ ሰብሳቢ ክምሩን አይታ ፈነደቀች።

"እንዲህ ነው እንጂ! ለመንግሥት ሸጣችሁ ነው አይደል?"

"አዎ!" ብለን አጨበጨብን።

"በሉ ነገ መኪና መጥቶ ይጭነዋል።"

እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

"እማ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?"

"ዝም በይ! ክረምቱን ምን ልንበላ ነው?"

ኃላፊውን ላብ አጠመቀው። ስብሰባው በምርቃት ይዘጋ ተባለና ሽማግሌው አያ ይመኑ ተነሡ። ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ፣ ሰብሳቢዋም ጭምር።

"አገራችንን ሰላም ያድርግልን!"

"አሜን!"

"ዝናቡን በወቅቱ ያምጣልን!"

"አሜን!"

"ለዛሬ ያዋስነውን ስንዴ ሳይጫን ወደየቤታችን ይመልስልን!"

"አሜን!" አልን፣ ጣራው እስኪነቃነቅ።

ሰብሳቢዋም አብራን "አሜን" አለችና እጇን እንደዘረጋች ወደ ኃላፊው ዞረች።