ማኅተም የሌለው ትንበያ

በዚያ ዘመን ሶፍትዌርን ከምንጭ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ከተጻፈበት ጽሑፍ፣ በገዛ እጅ መገንባት ወንጀል ነበር፤ የሚፈቀደው የመንግሥት ማኅተም ያረፈበት ብቻ ነው። የፎገራዋ የጎርፍ ተንባይ አንጓች ግን ሕጉን ጣሰች። ባለማኅተሙ ፕሮግራም የርብን ወንዝ ሙላት አሳንሶ ያሰላል፤ በጎ ፈቃደኞች ስህተቱን ያረሙበት አዲሱ ኮድ ደግሞ ማኅተም የሚያገኘው ከዓመት በኋላ ነው። ሁለት ጊዜ ከሽፎባት በሦስተኛው ሙከራ ቤቷ ውስጥ ገነባችው። ፕሮግራሙም ውኃው በማግስቱ መንደሯን እንደሚያጥለቀልቅ አሳያት።

ውጤቱን ስታሳየው የመንግሥት ሶፍትዌር ተቆጣጣሪው ደምለው «ማኅተም የለውም፤ ለሕዝብ አይነገርም» አላት።

«ወንዙ ማኅተም አይቶ ነው የሚሞላው?» ብላ ጮኸችበት። በየደጁ እየዞረች ተጣራች። ያመኗት ከብታቸውን እየነዱ ከመንደሩ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጡ። ጎረቤቷ እትዬ ሙጭት ግን «ባለማኅተሙ ደህና ነው ብሏል፣ ልጄ» ብለው ሽሯቸውን እንደጣዱ ቀሩ።

በማግስቱ ርብ መንደሩን ዋጠው። እትዬ ሙጭት አልተገኙም።

ደምለው እስከ ወገቡ ረጥቦ ጉብታው ላይ ደረሰና የክስ ወረቀት ዘረጋላት። «ሶፍትዌሩን ራስሽ ገንብተሻል?» ይላል ወረቀቱ።

አንጓች እስክሪብቶውን ከእጁ መንጭቃ ጻፈች፦ «አዎ። ቀደም ብዬ ባለመገንባቴ ክሰሱኝ።»