ኦርጅናሉ ካሴት

ከሙዚቃ ቤት የተላከው ሰው ከዚራ ሰፈር እትዬ በለጠች ሻይ ቤት ገብቶ ካሴታቸውን ከቴፑ አወጣና ክሩን በጣጠሰው። «የተቀዳ ማጫወት ክልክል ነው፤ ይኸው ኦርጅናሉን በነፃ ይያዙ» አላቸው።

«ያንተው ላይ ዘፋኙ ብቻ ነው ያለው» አሉት በቁጣ።

«ታዲያ ሌላ ማን ሊኖር ነው? የእርስዎ እኮ የብርጭቆ ኳኳታ ብቻ ነበር!» ካሴቱን ከፍቶላቸው ሄደ።

ዘፈኑ እውነትም ጥርት ብሎ ወጣ። እትዬ በለጠች ብርጭቆ ማጠብ ጀመሩ። ሁለተኛው አዝማች ሲያልቅ ግን እጃቸው ውኃው ውስጥ ቀረ። ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ከመወሰዱ በፊት፣ ሁለት ቴፕ ፊት ለፊት ደቅኖ ሲቀዳ «እማዬ፣ ቀስ በይ፣ እየቀዳሁ እኮ ነው!» ያለው ድምፁ በተበጣጠሰው ካሴት ላይ ከዘፈኑ ጋር የገባው እዚህ ጋ ነበር። ዘፋኙ ሳያቋርጥ አለፈ።

እሳቸው ብርጭቆውን እንዳይንኳኳ ቀስ ብለው አስቀመጡት።