የተደፈነው ቱቦ

«እኔ ባልኖር ይሄ ሰፈር በቆሻሻው ሰምጦ ነበር» አለች የትምህርት ቤቱ አካባቢ ጥበቃ ክበብ ሊቀመንበር፣ አፍንጫዋን ይዛ።

ጎርፉ እትዬ የሺመቤት ቤት ገብቶ ፍራሻቸውን አርሷል፤ አሁን ጤፋቸው ጋ ሊደርስ ነው። እሳቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው የተደፈነውን ቱቦ በዶማ ይጎረጉራሉ። እሷ ደረቅ ድንጋይ መርጣ ቆማ ጎረቤቱን ትሰድባለች።

«ፌስታል ጣይ ሁላ! ዝናብ ጠብቆ መድፋት ነው ሥራችሁ። ስንቴ ላስተምራችሁ?»

ዶማው አንድ ነገር ያዘ። እትዬ የሺመቤት ጎተቱ፣ ጎተቱ፤ ውኃው ሿ ብሎ ወረደ። የወጣው ረጅም ባነር ነበር። «ቱቦ የቆሻሻ መጣያ አይደለም» ይላል፤ ከጽሑፉ ጎን የእሷ ፎቶ ፈገግ ብሏል። አምና የክበቡ የጽዳት ሰልፍ ሲያልቅ፣ ማን ይሸከመዋል ብላ እዚያው ቱቦ ውስጥ ወርውራው ነበር።

እትዬ የሺመቤት ጭቃውን ከፎቶው ላይ ጠረግ አደረጉና ቀና ብለው አዩዋት።

«አንቺማ ባትኖሪ ፍራሼ ባልራሰ ነበር።»