የከረሜላው ፓርክ ናሙና

ሐጂ ነጅሙዲን ከዱባይ የመጣውን ሳጥን ባንኮኒው ስር ሊሸጉጡት ጎንበስ ሲሉ ፍቅርአዲስ ቀድማ ክዳኑ ላይ እጇን አሳረፈች።

«ይተዉት ሐጂ። እኔ ነኝ የምገጣጥመው።»

«የወንድሜ ልጆች ቤት ይሞክሩታል ብዬ ነው እኮ» አሉ፣ ፊቷን ላለማየት ወደ ሳጥኑ እያዩ።

«የወንድምዎ ልጆች መስበር እንጂ መሞከር መች ያውቃሉ።»

ጅቡቲ ከተማ፣ ከሜኔሊክ አደባባይ ጀርባ ባለው በዚህ የመጫወቻ ሱቅ ልማዱ የታወቀ ነው። የዱባዩ እቃ ላኪ አንድ ናሙና ይልካል፤ ሐጂ በዚያው ማታ ደውለው «ካርቶኑን ላክ» ወይም «ተወው» ይላሉ። መልሱን ትሰጥ የነበረችው ግን የፍቅርአዲስ ልጅ በእምነት ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባንኮኒው ላይ ተቀምጣ ትገጣጥማለች፣ ትጥላለች፣ ትነክሳለች፣ ትቀመጥበታለች። እሷ የጠላችው እቃ ጅቡቲ አይገባም።

ባለፈው ጥቅምት በእምነት በትኩሳት ሞተች። ከዚያ ወዲህ ሐጂ እናቲቱን ከመጫወቻው ሽያጭ ወደ ደብተርና እስክሪብቶው መሸጫ በኩል አዛወሯት። የልጅቷን ስም ሱቁ ውስጥ ያነሳ የለም። ሁሉም ለፍቅርአዲስ ተብሎ የተደረገ ነው፤ እሷን ግን ደግነቱ አፍኗታል።

«ማታ መልስ ይጠብቃሉ» አለች። «የዛሬውን መልስ እኔ እሰጣለሁ።»

ሐጂ እጃቸውን ከሳጥኑ ላይ አነሱ።

ሱቁ ለቀትር እረፍት ተዘግቷል። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል። በግማሽ በወረደው መዝጊያ ስር፣ ጥላውን ፈልጋ፣ ጫት ሻጯ ሀኪማ እርጥብ ጆንያ ያለበሰችውን እቃዋን ይዛ ተቀምጣለች። ሀኪማ ድሬዳዋ ያደገች ናት፤ በአማርኛም በሶማልኛም ሰው ትነካካለች።

ፍቅርአዲስ ሳጥኑን ባንኮኒው ላይ ገለበጠችው። የመዝናኛ ፓርክ ነው፣ ሁሉ ነገሩ ከረሜላ የሚመስል። ወንበር የተንጠለጠለበት ትልቅ መሽከርከሪያ፣ የብስኩት መንሸራተቻ፣ የአይስክሬም ቤት፣ የሎሊፖፕ ዛፎች፤ ሁሉም በጥቃቅን ቁርጥራጭ። ከዱባይ የሚመጣ የዓረብኛ ወረቀት ከቀኝ ስለሚገለጥ የሥዕሉን መምሪያም ከቀኝ ገለጠችው። ይሄኛው ግን ከግራ የሚጀምር ኖሯል። ይህን ያወቀችው የአይስክሬሙን ቤት ጣሪያ ሠርታ የምታሳርፍበት ግድግዳ ስታጣ ነው።

«ቤት ከጣሪያው ሲጀመር ዛሬ አየሁ» አለች ሀኪማ። «ባልባላ ቆርቆሮ ሰፈር እንኳ ከግድግዳ ነው የሚጀምሩት።»

«አንቺ ጫትሽን አርጥቢ።»

«በቃ፣ የሳጥኑን ፎቶ አይተን እንወስን» አሉ ሐጂ። «ያምራል። አረፋ ደርሷል፣ ይሸጣል።»

«እነሱ የማያምር ናሙና ልከው ያውቃሉ?» አለችና የሠራችውን ሁሉ እስከ መጨረሻዋ ቁራጭ ፈታችው። ከግራ ጀመረች።

ላቧ በጥቁር ቀሚሷ ጀርባ ላይ ወረደ። ጣቶቿ ለቁርጥራጮቹ ይወፍራሉ። አንዷ አልገባ ስትላት እጇ ሳታስበው ወደ ጎን ተዘረጋ፣ ለሌላ እጅ ልታቀብል። የሚቀበላት አልነበረም። መልሳ ሰበሰበችው፤ ቁራጯን በአውራ ጣቷ ተጭና አስገባቻት።

ፓርኩ ቆመ። መሽከርከሪያውን ስትነካው ሳይንቋቋ ዞረ። አንስታ ከጉልበቷ ከፍታ ለቀቀችው፤ አልተፈታም።

«አየሽ» አሉ ሐጂ፣ ስልካቸውን እያወጡ። «ልደውል?»

«ገና ነው።»

አንዷን ሮዝ ሎሊፖፕ ከመሬቷ ነቀለችና አፏ ውስጥ ከተተቻት።

«ዘመድ፣ ምሳ አልበላሽም እንዴ?» አለች ሀኪማ።

ፍቅርአዲስ ጉንጯ አብጦ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በምላሷ አገላበጠቻት፣ መጠጠቻት፣ በመጨረሻም ነከስ አደረገቻት። ከዚያ መዳፏ ላይ ተፋቻት። እንጨቷ ለብቻ፣ ጭንቅላቷ ለብቻ ወጡ። ጭንቅላቷ የኦቾሎኒ ፍሬ ታህላለች፤ ልሙጥ ናት።

«አያስመጡት።»

«ሳጥኑ ላይ እኮ ከስድስት ዓመት በላይ ይላል።»

«የስድስት ዓመት ልጅ ታናሽ የለውም፣ ሐጂ?»

«ለአረፋ ሌላ አዲስ እቃ የለኝም።»

«አውቃለሁ። ይዞራል፣ ሲወድቅ አይፈታም፣ መልኩ ልጅ ይጠራል። ክፋቱም እሱ ነው። ያየው ሁሉ ይጎርሰዋል፤ ይታነቅበታል።»

ሐጂ የሎሊፖፗን ጭንቅላት ተቀብለው እንጨቷ ላይ መልሰው ሰኩና በሁለት ጣት ሳብ አደረጓት። ወዲያው ወጣች። ደገሙት፤ ወጣች።

«በእምነትም መጀመሪያ ወደ አፏ ነበር የምትከተው» አሉ።

ሀኪማ ውሃ የያዘ እጇን ጆንያው ላይ እንዳንጠለጠለች ቀረች።

«አዎ» አለች ፍቅርአዲስ። «ጎማው የሚወልቀውን መጫወቻ ባቡር ያስመለሰችዎት እንዲያ አድርጋ ነው።»

ሐጂ ደወሉ። ማታ እስኪደርስ አልጠበቁም፤ በዓረብኛ «ላ» ብለው እንቢ አሉ፣ ወዲያ ማዶ ያለው ሲከራከርም «ላ» ብለው ዘጉት። ከዚያ ወደ ቤታቸው ለእረፍት በመሄድ ፈንታ ወደ ሱቁ ደረጃ ስር ሄደው እዚያ የተንጠለጠለውን መጋረጃ ገለጡ። አንድ የናሙና ሳጥን አወጡ። ተመልሰው ሌላ አወጡ፤ ከዚያም ሌላ። ሁሉም አቧራ ጠግበዋል፣ የአንዱም ማሸጊያ አልተነካም።

ፍቅርአዲስ ዞር ብላ የመጫወቻውን መደርደሪያ አየችው። ከደብተሩ በኩል ሆና ሳስቶ ስታየው ገበያው የቀዘቀዘ መስሏት ነበር። የቀሩት እቃዎች በሙሉ ከጥቅምት በፊት የመጡ ናቸው።

«ከእሷ ወዲያ ማንን ልጠይቅ» አሉ ሐጂ፣ የመጨረሻውን ባንኮኒው ላይ እያስቀመጡ።

ከላይ ያለውን ወደ ራሷ ሳበችው። አቧራውን በመዳፏ ጠረገችና የማሸጊያውን ጫፍ በጥፍሯ መፈለግ ጀመረች።