ያረዳት ማነው?

«ልጅቷ ምን በላች?»

እትዬ ሸዋረጋ የግቢያችን በር ላይ ቆመው ነው የጠየቁኝ…

ልጄን ዊዳድን በነጠላ ጠቅልዬ አቅፌያታለሁ። ገና አራት ዓመቷ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ያስመልሳታል፣ ሰውነቷ እሳት ሆኗል።

«ምንም» አልኩ።

ዋሸሁ።

እትዬ ሸዋረጋ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እኛ ግቢ ከተከራዩ ሦስት ወራቸው ነው። ፌስታል ይዤ ስገባ በመስኮት ዓይናቸው ፌስታሉ ላይ ነው። አማቴ እማ ራቢያ «ይቺ ሴትዮ ጠቋሚ ሳትሆን አትቀርም፤ አፍሽን ያዢ» ብለውኛል።

አፍ የሚያስይዝ ነገር ደግሞ ነበረን…

የሚዳቋ ሥጋ።

ማደን ክልክል እንደሆነ ጠፍቶን አይደለም። ግን ዊዳድ አስም አለባት። «ሚዳቋ የማትበላው ቅጠል የለም፣ ሥጋዋ ለደረት መድኃኒት ነው» አሉኝ። እናት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ… የማይሞከር ነገር የለም።

ያመጣልን ከደሴ ዙሪያ ጎመን እያመጣ የሚሸጥ ሰው ነው። ሥጋውን ከጎመኑ ሥር ደብቆ።

እማ ራቢያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ያረዳት ማነው?»

«እኔው በእጄ፣ ቢስሚላህ ብዬ። ስሜ የሱፍ ነው እማ፤ እንዴት በክት አበላዎታለሁ?»

እኔ ግን እጁን አየሁ። በጨርቅ ጠምጥሞታል። ሥጋውም ጠቁሯል… ደሙ ያልፈሰሰ ዓይነት።

ጠረጠርኩ። አማቴን ደፍሬ ግን አልተናገርኩም። ሾርባውን ሠራሁ፣ ዊዳድ ጠጣች። ይኸው በሦስተኛው ቀን…

እትዬ ሸዋረጋ በሩን አልለቀቁልኝም። ጠጋ ብለው በሹክሹክታ…

«ከዮሴፍ ነው የገዛችሁት?»

«ዮሴፍ የሚባል አላውቅም።»

«ጎመን የሚያመጣው። እጁን የጠመጠመው።»

«እሱማ የሱፍ ነው። የኛ ሰው ነው።»

«የናንተ? ለኔ በስመ አብ ብዬ አረድኳት ብሎ ነው የሸጠልኝ።»

ተያየን።

«እርስዎም ገዝተዋል?»

«በልቻለሁ እንጂ። ትጠቁሚብኛለሽ ብዬ እኮ ነው በመስኮት የምጠብቅሽ።»

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ወሎ ውስጥ ጎረቤት ሽሮውንም፣ ሰርጉንም፣ ለቅሶውንም ይካፈላል… ሥጋ ላይ ግን ሁሉም በየድስቱ ነው። ስለ ሥጋ አንጠያየቅም። ሰውየው ይህን ያውቃል።

እና ታዲያ ያረዳት ማነው?

እትዬ ሸዋረጋ ባጃጅ አስቆሙ። «አብሽሪ ልጄ» እያሉ አብረውኝ ገቡ።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ኮሪደሩ ላይ ማን ተቀምጧል?

ሰውየው።

እኔ «የሱፍ» ስል እሳቸው «ዮሴፍ» አሉ። ወደ ማናችን እንደሚዞር ጠፋው።

«አንተ ሰው መርዘህ እዚህ ትቀመጣለህ?» አሉት እትዬ ሸዋረጋ።

የሕፃን ጫማ ጉልበቱ ላይ ይዟል።

«ልጄ ውስጥ ናት» አለ። «ከናንተ በፊት የበላችው እሷ ናት።»



«ያረዳት ማነው?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ማንም። ወንዙ ዳር ሞታ አገኘኋት። ገና ትኩስ ነበረች… ቆዳዋን ስገፍ ቢላው እጄን ጨረፈኝ።»

ነርሷ መጥታ የእጁን ጨርቅ ፈታችው። ቁስሉ መሐሉ ከሰል መስሏል። «አያመኝም» አለ ሰውየው።

«አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል» አለች። ከብቱንም የዱር እንስሳውንም የሚገድለው በሽታ። የሞተውን የገፈፈም የበላም ይያዛል።

«ቀቅዬዋለሁ እኮ» አልኳት።

«በመቀቀል አትተማመኚ።»

ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረች። «ሌላ ለማን ሸጥክ?»

በሩን አየ። መሮጥ ይችል ነበር። ከተናገረ እስር እንዳለ ያውቃል…

ግን ቤቶቹን አንድ በአንድ ተናገረ። አንዱ ኮምቦልቻ ነው። ሰዎቹ በዚያው ቀን ተፈልገው መድኃኒት ጀመሩ። እትዬ ሸዋረጋም፣ ዊዳድም።

ዊዳዴ በስድስተኛው ቀን ወጣች፣ አልሐምዱሊላህ።

የሱ ልጅ ግን አልወጣችም።

እኔና እትዬ ሸዋረጋ ለቅሶ ደረስን። እዚያ ስንሄድ ነው የሱፍ ይሁን ዮሴፍ ያወቅነው። አልጽፈውም… ኮሜንት ላይ በሱ እንድትጣሉ አልፈልግም።

እማ ራቢያ ግን እስካሁን አኩርፈውኛል። «ልጅሽን ሊቀብር ለነበረ ሰው ለቅሶ ትደርሻለሽ?» ነው የሚሉኝ።

ቤተሰቦች… «ያረዳት ማነው?» ብለን ሁላችንም ጠየቅን። «መጀመሪያስ ታርዳለች ወይ? በምን ሞተች?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ልጃችሁ ሲታመም ወደ ሐኪም እንጂ ወደ ጫካ ሥጋ አትሂዱ። የጠረጠራችሁትንም ነገር እንደኔ አትዋጡት፣ ተናገሩ።

እናንተ በኔ ቦታ ብትሆኑ… ያንን ለቅሶ ትደርሱ ነበር ወይስ እማ ራቢያ እውነታቸውን ነው?