ለረጋ ደም ስም ፍለጋ

ድንቅነሽ ወጌሻ ናት። ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ ወደ ጌጃ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ክፍል ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ የተሰበረ ታስራለች፣ የወለቀ ትመልሳለች። ባሏ ሞቷል። አንድ ልጇ በዚያ በክፉው ጊዜ ከቤት እንደወጣ ቀርቷል፤ ያለበትን የሚነግራት ሰው አላገኘችም። ሰው ሲሰበር ይመጣል፣ ሲድን ይሄዳል። ጤነኛ ሰው ወጌሻ ቤት ምን ሊያደርግ ይመጣል?

ስለዚህ ሚደቅሳ የመጣ ቀን ገረማት። የተሰበረ ነገር አልነበረውም። ፀጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። አንድ ሐኪምና አንዲት ጸሐፊ አስከትሎ በመንግሥት ላንድሮቨር መጣ። የሕክምና ትምህርት በአማርኛ እንዲሰጥ ቃላት የሚሰበስብ ኮሚቴ መቋቋሙን፣ የእጅ ባለሙያም እየተጠየቀ መሆኑን አስረዳት።

«ደም ሲፈስ ቆይቶ ሲቆም ምን ይሉታል?»

«ረጋ እንላለን።»

«ላዩ ሲደርቅስ?»

«ቅርፊት።»

«ቁስሉ ከሻረ በኋላ የሚቀረውስ?»

«ጠባሳ ነዋ።»

ጸሐፊዋ ጻፈች። ድንቅነሽ ዕድሜ ልኳን አፏ ላይ የኖረ ነገር ወረቀት ላይ ሲሰፍር አይታ ደስ አላት።

ያን ክረምት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ይመጡ ነበር። ኋላ ሐኪሙም ጸሐፊዋም ቀሩና ሚደቅሳ ብቻውን፣ በእግሩ ይመጣ ጀመር። ቤንዚን በኩፖን ሆኖ የለ፣ ለአንዲት ወጌሻ ብለው ላንድሮቨር አያስነሱ። ከቀበሌ ሱቅ የደረሰውን ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ ይመጣል፤ እሷ ሻይ ታፈላለች። አንድ ቃል ጠይቆ፣ ስለ ዝናቡ አውርቶ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ይሄዳል፤ እንዲህ ሁለት ዓመት አለፈ።

ችግሩ የድንቅነሽ ቃል ማለቁ ነው። አንድ ቅዳሜ፣ የረጋ ደም ውስጥ እንደ ክር እየተጠላለፈ ደሙን ጠፍሮ የሚይዘው ነገር ስሙ ማን እንደሆነ ጠየቃት። ነገሩን በዓይኗ አይታዋለች፤ ስሙን ግን ሰምታ አታውቅም። አላውቅም ብትል ሰውዬው ተነስቶ ሊሄድ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ብቻን ሲሆኑ አይመሽም።

ማግን ከደም ጋር ገጠመችና «ማገደም ይባላል» አለችው።

«ማገደም» አለ ሚደቅሳ። «ያምራል።»

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት። ከረጋበት ተላቆ በደም ሥር ውስጥ የሚጓዘውን ደም «ኮብላይ» አለችው። የታመመ ጉበት ላይ የሚበቅለውን፣ እንደ ቃጫ የጠነከረውን ሥጋ «ቃጭሞ» አለችው። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ክንድ እያሸች በልቧ ቃል ስታበጅ ትሰነብታለች። እንዲህ ደስ ብሏት የሰነበተችበትን ጊዜ አታስታውስም።

«እትዬ ድንቅነሽ፣ ይሄ ሰውዬ ምንድን ነው ሥራው?» አለቻት ጎረቤቷ ሸምሲያ፣ ባለ ሱቋ።

«ቃል ይጽፋል።»

«በምን? እኔ እስክሪብቶ ይዞ አይቼው አላውቅም።»

እውነቷን ነው። ድንቅነሽ ነገሩን እስከዚያች ቀን ልብ አላለችውም ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ደብተር ከእጁ አይጠፋም ነበር፤ አሁን እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ይሰማታል። ይባስ ብሎ በማግስቱ ማክሰኞ መጣ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የውይይት ክበብ በሚቀመጥበት ሰዓት።

«ያ ክር የመሰለው ነገር ማን ነበር ያሉኝ?» አለ፣ ሻዩን እየጠጣ።

«ማገደም» አለች ድንቅነሽ። የዋሸ ሰው መቼም ሁለቴ ይጠየቃል።

ሸምሲያ ስትሰማ ከንፈሯን መጠጠች። «ዛሬ ከውይይት የሚቀር ማን አለ? ጆሮ ጠቢ ነው ይሄ። ይጠንቀቁ።»

ድንቅነሽ ፈራች። መንግሥትን የሚያህል ነገር አታላለች፤ ከዚህ ባነሰ ነገር የተወሰደ ሰው ታውቃለች። ግን እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ከመታሰር ይልቅ የከበዳት ሰውዬው መቅረቱ ነበር።

የሚቀጥለው ቅዳሜ መጣ። ሚደቅሳ፣ የሆድ ቁስል ሲድን አንጀትን ከአንጀት የሚያጣብቀው ሥጋ ማን እንደሚባል ጠየቃት። ድንቅነሽ ለዚህ ያዘጋጀችው ቃል አልነበራትም።

«አትለየኝ» አለች፣ ሳታስበው።

ሚደቅሳ አቀርቅሮ ሻዩን ማማሰል ያዘ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ቆም አለ።

«የሚመጣው ቅዳሜ አንድ የምነግርዎት ጉዳይ አለኝ» አለ። ፊቷን ግን አላያትም።

አለቀ። ሰውዬው ደርሶባታል። እሑድን ስታለቅስ ዋለች፤ ያለቀሰችው ለራሷ ብቻም አልነበረም። በእሷ ውሸት ስንት ሐኪም ሊማር ነው፤ ስንቱ በሽተኛ ሊበደል ነው። ሰኞ ጠዋት ያጠበችውን ነጠላ ለብሳ፣ እያዘገመች ሜክሲኮ ወዳለው የሚደቅሳ መሥሪያ ቤት ሄደች። ዘበኛው ፈትሾ አስገባትና አንድ መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ፊት ቆመች።

«ጓድ፣ ማገደም የሚባል ነገር የለም» አለችው ሳትቀመጥ። «ኮብላይም ቃጭሞም የለም። ሁሉንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ብቻዬን ነኝ፤ ጓድ ሚደቅሳ እንዳይቀሩብኝ ብዬ ነው። ይጥሩልኝና ራሴ ልንገራቸው። ከመጽሐፉ ይሰርዙት፤ የሚያስሩኝም ከሆነ ይሰሩኝ።»

ጎልማሳው መነጽሩን አወለቀ። ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«እናቴ» አላት ቀስ ብሎ፣ «ኮሚቴው እኮ ሥራውን ጨርሶ የተበተነው ካቻምና ነው፤ ጓድ ሚደቅሳም ያኔውኑ ጡረታ ወጥተዋል።»